አንድ ያርድ፣ አራት ሙከራ፦ በግብ መስመር ላይ ስለተወሰኑ ውሳኔዎች የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አንድ ቡድን ከተጋጣሚው የግብ መስመር አንድ ያርድ ላይ፣ ማለትም አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ አራት ሙከራ በእጁ ሲኖረው፣ ተመልካቹ ነጥቡን አስቀድሞ ይቆጥርለታል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ቀን 2025፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው የኮተን ቦውል ጨዋታ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቴክሳስ በአራት ሙከራ ያችን አንድ ያርድ መሻገር አቃተው፤ በአራተኛው ሙከራ ደግሞ ኳሱ ከኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ከሚያቀብለው ወይም ከሚወረውረው ተጫዋች እጅ ወድቆ ተጋጣሚው 83 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረበት። 21 ለ 21 ሊሆን የነበረው ውጤት 28 ለ 14 ሆኖ ተዘጋ።

ስለዚያ ምሽት ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው አስተያየትም በሁለተኛው ሙከራ የታዘዘውን አንድ ጨዋታ፣ ማለትም ለዚያ ሙከራ የተመረጠውን የማጥቂያ ዕቅድ፣ የሚወቅስ ነው። ወቀሳው መሠረት አለው። ሆኖም ጨዋታውን ደጋግሜ ከተመለከትሁ በኋላ የደረስሁበት ድምዳሜ ትንሽ ይለያል፦ ጉዳዩን ለመማሪያነት የሚያበቃው ያ ጨዋታ መክሸፉ ሳይሆን፣ ሲከሽፍ ቀሪዎቹን ሁለት ሙከራዎች አብሮ ማበላሸቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ተጫዋቾችንም ሆነ አሰልጣኞችን በስም አልጠራም፤ የምመረምረው ውሳኔውን እንጂ ሰዎቹን አይደለምና።

ዳራ

ስፖርቱን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከግብ መስመሩ 10 ያርድ የማይሞላ ርቀት ላይ አዲስ የሙከራ ዙር ካገኘ ግን መድረሻው የግብ መስመሩ ራሱ ይሆናል። መስመሩን ከተሻገረ ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ፣ ከዚያም በምት አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በአራት ሙከራ ካልቻለ ኳሱ በቆመበት ቦታ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ምን እንደሚደረግ፣ ማን ኳሱን እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያዝዘው ከሜዳው ጠርዝ የቆመው አሰልጣኝ ነው፤ በቴክሳስ በኩል ይህን ሥራ የሚሠራው ዋና አሰልጣኙ ራሱ ነበር። ለማሰብ ያለው ጊዜም በሴኮንድ የሚቆጠር ነው።

ጨዋታው 12 ቡድኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፉበት የኮሌጅ ፉትቦል የፍጻሜ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበር። የተካሄደው በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዳላስ አቅራቢያ፣ በአርሊንግተን ከተማ በሚገኘው ኤቲ ኤንድ ቲ ስታዲየም ነው። ቴክሳስ ክሌምሰንን፣ ቀጥሎም አሪዞና ስቴትን በሁለት የትርፍ ሰዓት ዙር አሸንፎ መጣ፤ ኦሃዮ ስቴት ቴነሲንና ኦሪገንን በሰፊ ልዩነት ረትቶ ነበር።

አራተኛው ሩብ ላይ ሁለቱ ቡድኖች 14 ለ 14 ነበሩ። ኦሃዮ ስቴት ከራሱ ሜዳ ተነስቶ ረጅም ግስጋሴ አደረገ፤ በመካከሉ አራተኛ ሙከራና 2 ያርድ ሲቀረው ኳርተርባኩ ራሱ ኳሱን ይዞ 18 ያርድ ሮጠ። ጨዋታው ሊያልቅ 7 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ሲቀረው ሯጩ ከአንድ ያርድ ኳሱን አስገብቶ 21 ለ 14 መሩ። ያ ታችዳውን የመጣው ቴክሳስ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከሚቆምበት ጋር እኩል ከሆነ ርቀት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ቴክሳስ መልስ ለመስጠት ወጣ። ኳሱን ወደ ኤንድ ዞኑ፣ ማለትም ከግብ መስመሩ ኋላ ወዳለው ክልል ሲወረውር የኦሃዮ ስቴት ተከላካዮች ተቀባዮቹን ያለአግባብ በማደናቀፋቸው ሁለት ጊዜ ተቀጡ፤ ኳሱም አንድ ያርድ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሙከራ፣ ርቀቱ እስከ ግብ መስመሩ።

ችግሩ

ከአንድ ያርድ ቀጥታ መሮጥ ቀላሉ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ምሽት ቴክሳስ በሩጫ የረባ ነገር አላገኘም ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ የሩጫ ድምሩ 60 ያርድ አልሞላም። ይህን ማንም ሰው ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ ማየት ይችል ነበር።

ሌላም ማስረጃ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2024፣ ይኸው የኦሃዮ ስቴት መከላከያ በፔን ስቴት ሜዳ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ነበር። ኦሃዮ ስቴት 20 ለ 13 እየመራ ሳለ ፔን ስቴት 3 ያርድ ላይ የመጀመሪያ ሙከራ አገኘ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ በሩጫ ሞክሮ መስመሩን ሳይሻገር ቀረ፤ በአራተኛው ኳሱን ወረወረ፣ አልተያዘም። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ከራሱ ግብ ጥግ ተቀብሎ የቀረውን ከ5 ደቂቃ በላይ የሆነ ጊዜ በሩጫ ጨርሶ አሸነፈ። ስለዚህ የቴክሳሱ አሰልጣኝ በዚህ መከላከያ መካከል ኢንቾች በቀላሉ እንደማይገኙ ማመኑ ከባዶ የመነጨ አልነበረም፤ ከጨዋታው በኋላም ይህንኑ ገልጾ፣ ዕቅዱ ኳሱን ወደ ጠርዝ ማውጣት እንደነበረና መንገድ የሚከፍቱት ተጫዋቾች ግን ሥራቸውን እንዳልጨረሱ ተናግሯል።

ሁለተኛው የችግሩ ገጽታ የቦታው ጥበት ነው። በሜዳው መካከል ተከላካዩ ቡድን ከኋላው ሰፊ ሜዳ ስላለ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ራቅ አድርጎ ለማቆም ይገደዳል። አንድ ያርድ ላይ ግን ከግብ መስመሩ ኋላ ያለው ኤንድ ዞን 10 ያርድ ብቻ ነውና ከኋላ የሚጠበቅ ርቀት የለም። ተከላካዮቹ ሁሉ ወደ ፊት ይወርዳሉ፣ ጠርዞቹም ይሞላሉ። የጎን ስፋቱ እንዳለ ስለሆነ ወደ ውጭ መሮጥ ያጓጓል፤ ዳሩ ግን ያ ስፋት በሌላው የሜዳ ክፍል እንዳለው ባዶ አይደለም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ፊልድ ጎል፣ ማለትም ኳሱን በእግር መትቶ 3 ነጥብ ማግኘት ብዙም አይጠቅምም ነበር። በ7 ነጥብ ወደ ኋላ ለቀረ ቡድን 3 ነጥብ ማግኘት በዚያ ሰዓት ኳሱን እንደገና የማግኘትን ጭንቀት ያስከትላል። ስለዚህ አራቱም ሙከራዎች ለታችዳውን የሚውሉ መሆናቸው ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ይህ ነጥብ ለኋላው ትንተና መሠረት ነው፦ ቴክሳስ የነበረው ሦስት ሙከራና አንድ ምት ሳይሆን አራት ሙሉ ሙከራ ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በመጀመሪያው ሙከራ ኳሱ ለሯጭ ተሰጥቶ በመካከል በኩል ሞከረ። ምንም አልተገኘም፤ ምንም አልጠፋምም። ኳሱ እዚያው አንድ ያርድ ላይ ነበር፣ ሦስት ሙከራ ቀርቷል።

በሁለተኛው ሙከራ ኳርተርባኩ ኳሱን በስተኋላ ወደ ጎን ለሚሮጠው ሯጭ ወረወረለት። ይህ ጨዋታ በተለምዶ ቶስ ይባላል። ሯጩ ኳሱን የሚቀበለው ከመስመሩ በርካታ ያርዶች ኋላ ሆኖ ነው፤ ከዚያ ወደ ጎን ይሮጥና መንገድ ሲከፈትለት ወደ ፊት ይታጠፋል። ጨዋታው እንዲሠራ በጠርዝ ያሉት አጋጆች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራቸውን መሥራት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ቢያመልጠው ሯጩ ገና ሳይታጠፍ ይያዛል። የሆነውም ይህ ነው። ተከላካዮቹ በጠርዙ በኩል ሰብረው ገቡ፣ ሯጩም 7 ያርድ ወደ ኋላ ላይ ወደቀ። ኳሱ 8 ያርድ ላይ ሆነ።

በሦስተኛው ሙከራ የተወረወረው ኳስ አልተያዘም።

በአራተኛው ሙከራ ኳርተርባኩ ለመወርወር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከጠርዝ የመጣው የኦሃዮ ስቴት የመስመር ተከላካይ ደረሰበትና ኳሱን ከእጁ አስጣለው፤ ራሱው አንስቶትም ወደ ሌላኛው ግብ ሮጠ። የቴክሳስ ተቀባዮች ወደ ኤንድ ዞኑ ለመግባት ወደ ፊት ሄደው ስለነበር በመንገዱ ላይ የሚያስቆመው ኃይል አልነበረም። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ያሳይ ነበር። ኳርተርባኩ ወደ ቴክሳስ ከመዛወሩ በፊት በ2021 በኦሃዮ ስቴት ሳለ ከዚሁ ተከላካይ ጋር አንድ ክፍል ይጋራ እንደነበር ሲታወስ፣ ያ ቅጽበት ለሁለቱ ወጣቶች ምን ያህል ከባድና ታላቅ እንደነበር መገመት ይቻላል። የቴክሳስ የመጨረሻ ጥረትም በተጠለፈ ኳስ አበቃ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የመጀመሪያው ሙከራ ነጥብ ባያስገኝም ተገቢ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቀጥታ የሚደረግ ሩጫ ሲከሽፍ የሚያስከፍለው አንድ ሙከራ ብቻ ነው፤ ቦታ አያስከፍልም። ቀጣዩን ውሳኔ የሚወስነው አሰልጣኝም ሁሉም አማራጮች እንደነበሩ ያገኛቸዋል።

ሁለተኛውን ሙከራ በትክክል ለመመዘን ሌሎቹን አማራጮች ከጎኑ ማስቀመጥ ያሻል። አንደኛው፣ ኳርተርባኩ ኳሱን እንደተቀበለ ራሱ ከፊቱ ባሉት ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾች መካከል መግፋት ነው፤ በኮሌጅ ሕግ ጓደኞቹ ከኋላ ሊገፉት ይፈቀዳል። ሁለተኛው፣ በሩጫ የሚታወቀውን ተጠባባቂ ኳርተርባክ ማስገባት ነበር፤ በዚያው ጨዋታ ቀደም ብሎ ለአንድ ሙከራ ገብቶ በሩጫ አዲስ የሙከራ ዙር አስገኝቷል። ሦስተኛው፣ ሩጫ አስመስሎ ወዲያው መወርወር ነው፤ ተከላካዮች ሁሉ ወደ ፊት በሚወርዱበት ቦታ ይህ ማታለል ኃይል አለው። አራተኛው የተመረጠው ቶስ ነው።

እነዚህን አራቱን የመሳካት ዕድላቸውን ብቻ እያየን ካነጻጸርን ልዩነቱ አከራካሪ ይሆናል፤ ማንም ከሜዳው ውጭ ያለ ሰው በእርግጠኝነት ሊፈርድ አይችልም። ሲከሽፉ የሚያስከፍሉትን ካነጻጸርን ግን ልዩነቱ ፍጹም ግልጽ ነው። ኳርተርባኩ ገፍቶ ካልተሳካለት ኳሱ እዚያው አንድ ያርድ ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ኢንች ኋላ ይቀራል። የተወረወረ ኳስ ካልተያዘ በሕጉ መሠረት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የመጠለፍ አደጋ መኖሩ ባይካድም። ቶስ ግን በተፈጥሮው ኳሱን አስቀድሞ ወደ ኋላ የሚወስድ ስለሆነ መክሸፉ ብዙ ጊዜ ያርድ ያስከፍላል። በሜዳው መካከል 7 ያርድ ማጣት የሚካካስ ነገር ነው፤ ከግብ መስመሩ አንድ ያርድ ላይ ግን የጨዋታውን ባሕርይ ይለውጣል።

የባሕርይ ለውጡ እንዲህ ነው። አንድ ያርድ ላይ ሆኖ የሚከላከል ቡድን ሩጫንም ውርወራንም እኩል መፍራት ግድ ይለዋል፤ ከጠርዝ የሚነሳው ተከላካይ ሯጩ ኳሱን መያዝ አለመያዙን ሳያረጋግጥ ወደ ኳርተርባኩ መሮጥ አይችልም። 8 ያርድ ላይ፣ ሁለት ሙከራ ብቻ ሲቀር፣ ይህ ጥርጣሬ ይጠፋል። ተከላካዩ ውርወራ እንደሚመጣ ያውቃል፣ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮም በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። ስለዚህ የአራተኛው ሙከራ አደጋ የተወለደው በሁለተኛው ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። በእርግጥ ተከላካዩ ድንቅ ሥራ ሠርቷል፤ ያን ሥራ የሚሠራበትን ሁኔታ ያመቻቸለት ግን የ7 ያርዱ ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ ለአሰልጣኙ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ቀጥታ ሮጠው የከሸፉም ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 በኒው ኦርሊንስ በተደረገው የሹገር ቦውል ጨዋታ፣ አላባማ 14 ለ 7 እየመራ ሳለ ፔን ስቴት አንድ ያርድ ገደማ ርቀት ላይ ሁለት ሙከራ ቀርቶት ነበር። ሁለቱንም በመካከል በኩል ሮጠ፣ ሁለቱም ቆሙ፣ ውጤቱም እንደዚያው ጸና። ለምን አልወረወረም የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ተከትሎታል። ወደ ጠርዝ የወጣ ለምን ቀጥታ አልሄድህም ይባላል፤ ቀጥታ የሄደ ለምን አልወረወርህም ይባላል። ውጤቱን አይቶ ወደ ኋላ የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው እንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ለቀጣዩ አሰልጣኝ አንዳች የማይጠቅመው።

ከጉዳዩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

ዋናው ትምህርት ሙከራዎቹን እንደ አንድ ሒሳብ ማየት ነው። በግብ መስመር ላይ የሚታዘዝ እያንዳንዱ ጨዋታ ከሚያስገኘው በተጨማሪ ለሚቀጥለው ሙከራ ምን ትቶለት ያልፋል ተብሎ መጠየቅ አለበት። አራት ሙከራ ያለው ቡድን ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ ያርድ ላይ ከቀረ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ብቻውን ብዙ ጊዜ የማይሳካ ቢሆን እንኳ የአራቱ ድምር ዕድል ከፍተኛ ነው። ያን ዕድል የሚሰብረው ወደ ኋላ የሚወስድ ነገር ነው፦ የጠፋ ያርድ፣ ከሙከራ በፊት የሚደረግ የመንቀሳቀስ ጥፋት፣ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይለቅ ከመስመሩ ኋላ በተከላካይ መያዙ። ወደ ጠርዝ የሚሄድ ጨዋታ ይከልከል ማለቴ አይደለም። የሚታዘዝ ከሆነ ግን ኳርተርባኩ ኳሱን በእጁ ይዞ ወደ ጎን የሚሮጥበትና ካልሆነለት ከሜዳ ውጭ የሚጥልበት ዓይነት ይመረጥ፤ እዚያ መውጫ አለ፣ በቶስ ግን ሯጩ ኳሱን ከያዘ በኋላ መውጫ የለውም።

ሌላው ትምህርት ስለ ማስረጃ አጠቃቀም ነው። ቴክሳስ በመካከል በኩል መሮጥ እንደተቸገረ ማየቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን የዚያ ምሽት የሩጫ ችግር ስለ መካከሉ ብቻ ሳይሆን ስለ መስመሩ በሙሉ የሚናገር ነበር፤ በመካከል ያልቻለ መስመር በጠርዝ፣ ያውም ከባዱንና ብዙ ሰው መናበብ ያለበትን ሥራ ይችላል ብሎ ለመገመት ምክንያት አልነበረም። አንድ መንገድ እንደተዘጋ ማወቅ ሌላኛው ክፍት መሆኑን አያሳይም። ይህን ስህተት በአሰልጣኝነት ብቻ ሳይሆን በብዙ ሥራ ላይ አይቼዋለሁ።

በግብ ጥግ ኳሱን ለተጋጣሚ መተው ጥቅም አለው የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብም በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ አንድ ያርድ ላይ የከሸፈ ቡድን ተጋጣሚውን ከአስቸጋሪ ቦታ ያስጀምራል። የ2024ቱ የፔን ስቴት ጨዋታ ግን ጠንካራ መስመር ያለው ቡድን ከዚያም ወጥቶ ሰዓቱን ሊጨርስ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ይህ ጥቅም እንደ ተጨማሪ መቆጠር እንጂ በአራተኛው ሙከራ ለመዘናጋት ምክንያት መሆን የለበትም።

በመጨረሻም፣ ውሳኔው የሚወሰነው በጨዋታው ቀን ሳይሆን በሳምንቱ ውስጥ ነው። ሰዓት እየሮጠና አዳራሽ የሚያክል ስታዲየም እየጮኸ አራት አማራጭን መመዘን ከሰው አቅም በላይ ነው። ለአንድ ያርድ የሚሆኑት አራት ጨዋታዎች በቅደም ተከተል፣ አንዱ ሲከሽፍ ቀጣዩ የት ሆኖ እንደሚታዘዝ ጭምር አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል፤ ለ8 ያርድም የተለየ ገጽ ያስፈልጋል፤ በዚያም ገጽ ላይ ከሁሉ በፊት ከጠርዝ የሚመጣውን ተከላካይ ማን እንደሚያግድና ኳርተርባኩ በስንት ሴኮንድ ኳሱን መልቀቅ እንዳለበት ይጻፍ። ለአጋጅነት አንድ ሰው ማስቀረት አንድ ተቀባይ ማጣት ነው፤ ይህን ዋጋ መክፈል አለመክፈል በረጋ መንፈስ የሚወሰን ነገር ነው።

ከሰባት ወር ተኩል በኋላ

ኦሃዮ ስቴት ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በአትላንታ ኖትር ዴምን 34 ለ 23 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ኦገስት 30 ቀን 2025 በኮለምበስ አዲሱ የውድድር ዘመን ሲከፈት ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። በሦስተኛው ሩብ ኦሃዮ ስቴት 7 ለ 0 እየመራ ሳለ ቴክሳስ ረጅም ግስጋሴ አድርጎ እንደገና አንድ ያርድ ላይ ደረሰ፤ አራተኛ ሙከራ ነበር። በጥር ተጠባባቂ የነበረው፣ አሁን ዋና የሆነው ኳርተርባክ ኳሱን ይዞ በመካከል በኩል ገፋ። ተከላካዮቹ አቆሙት።

በዚህኛው ጊዜ ወደ ኋላ የሄደ ያርድ አልነበረም፣ ወደ ሌላኛው ግብ የተሮጠ ኳስም አልነበረም። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ከራሱ ግብ ጥግ ተረከበ፣ ልዩነቱም ለጊዜው 7 ነጥብ እንደሆነ ቆየ፤ በኋላ ግን ኦሃዮ ስቴት ሌላ ታችዳውን ጨመረ። ቴክሳስ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ታችዳውን አስቆጥሮ፣ ኳሱንም አንድ ጊዜ እንደገና አግኝቶ፣ 14 ለ 7 ተሸነፈ።